የተከፈለበት ነዳጅ

ሲስተር አያንቱ ማረፏን የነገረኝ ኢስማኤል ነው። ስልኩ ሲጠራ ደብረ ማርቆስ ቤቴ በረንዳ ላይ የሚያመኝን ጥርሴን ይዤ ተቀምጬ ነበር። «መምህር፣ ሲስተር አረፉ» አለኝ። በእኔ ዕድሜ የሞት ወሬ ብዙ ይመጣል፤ ሰውም እየለመደው «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ይኼኛው ግን ወደ የትኛውም ጉዳይ አልመለሰኝም። ጥርሴን እንኳ ረሳሁት።

ኢስማኤል ዛሬ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል አሉ። እኔ የማውቀው ገና ወጣት ሳለ፣ አሶሳ አዲስ በተከፈተው የጤና ቢሮ የግል ክሊኒኮችን የሚቆጣጠር ባለሙያ ሆኖ ነው። ፈቃድ የሚያድሰውም የሚከለክለውም እሱ ነበር። ስለዚህ ከሲስተር ጋር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። የቀብሯን ነገር ሲያወራኝ ግን ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። ስለ ቀብሩ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ እሷን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሶሳ ለማስተማር የተመደብኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፣ ወንበሩ ግን ከሌላ ቢሮ በውሰት የመጣ። ከድሮ የነበረው ማንጎውና ጭቃው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከጎጃም ስመጣ «ለአንድ ዓመት ነው» ብዬ ለእናቴ ምዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እዚያው ስንት ክረምት እንዳሳለፍኩ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ቤት የተከራየሁት ከሲስተር አያንቱ ግቢ ነው። መንገድ ዳር ክሊኒኳ አለ፤ ሁለት ክፍል፣ አንዱ መመርመሪያ፣ አንዱ መርፌ መውጊያ። ከኋላ የእሷ መኖሪያና የእኔ ክፍል ጎን ለጎን ናቸው። ከሁሉም ኋላ፣ ማንጎው ሥር፣ ግድግዳው ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት አለ። መጀመሪያ ሳየው የእህል ጎተራ መስሎኝ ነበር።

የወለጋ ልጅ ናት፤ ለመንግሥት ብዙ ዓመት ያገለገለች ነርስ። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ በክረምት በነጭ ጋውኗ ሥር የወንድ ቦቲ ጫማ የምታደርግ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላት፣ «አቦ ተወኝ! ከአሁኑ አታስረጀኝ፤ ኪራዩን እጨምርብሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ «አንቺ» ሆነች።

ከሰው ጋር ስታወራ የእጅ አንጓ ትይዛለች። በሽተኛ ከሆነ ያው ነው፤ ነገር ግን ቲማቲም የምትሸጥላትንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም፣ ጸሎት ቤት የሚሰብከውን ወንጌላዊም እንዲሁ ነው። የደም ሥሩን በሁለት ጣቷ ፈልጋ ይዛ እየሰማች ታዳምጣለች። «ሰው በአፉ ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ የምሰማው ይኼን ነው» ትላለች። እኔንማ የኪራይ ቀን ሳሳልፍ ምክንያት ስደረድር አንጓዬን ትይዝና፣ «መምህሬ፣ ትርታህ ውሸት ነው ይላል» ብላ ትስቅብኛለች።

ሌላው ነገሯ «እሺ፤ ቀጥሎስ?» የምትለው ነው። ዝናብ ጣራውን ሲገለብጠው «እሺ፤ ቀጥሎስ?»። መድኃኒት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር «እሺ፤ ቀጥሎስ?»። የጤና ቢሮው አዲስ ክፍያ ባወጣ ቁጥርም ይህንኑ ትላለች። ይህን ቃል ከሌላው ሁሉ አብልጣ የተናገረችው ለጤና ቢሮው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ፈቃዷን ያወጣችው በደስታ ነበር። ፍሬም አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በሚቀጥለው ዓመት የፈቃድ እድሳት መጣ። ቀጥሎ የባለሙያ ምዝገባ እድሳት፣ ቀጥሎ የንግድ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱ ለታፔላው፣ ቀጥሎ የቁጥጥር ክፍያ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚያስለቅስ አልነበረም። አንድ ላይ ሲመጡ ግን አንዲት ሴት መርፌ ለመውጋት የምትከፍለው ሳይሆን መርፌ ወግታ የተያዘች ሰው የምትቀጣው ይመስላል።

ችግሩ ደግሞ ጊዜው ነው። ቢሮው ዓመቱን የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ክፍያውም ከዚያ በፊት መግባት አለበት። የእሷ በሽተኞች ግን እጃቸው ላይ ብር የሚኖረው ሰሊጥ ሲሸጥ ነው። በክረምት የሚታከሙት በባሚያ፣ በማር፣ በቀርከሃ በርጩማ ነው። ወባው ደግሞ ሰሊጥ እስኪሸጥ አይጠብቅም። በሰኔ የክሊኒኩ ጓዳ ማር በማር ይሆናል፤ ኢስማኤል ደግሞ ማር በደረሰኝ አይቀበልም። የካርድ ዋጋ ትንሽ ብትጨምር እንደምትተነፍስ ነገርኳት። «ብጨምር የሚቀረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? በጣም የታመመው ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልመከርኳትም።

ከሁሉም የባሰው የነዳጅ ክፍያው ነበር። ቢሮው ለቁጥጥር የሚወጣበት በጀት ስላልነበረው፣ ለተቆጣጣሪዎቹ መኪና ነዳጅ የሚከፍለው ቁጥጥር የሚደረግበት ክሊኒክ ነው ተባለ። እሷም ማመልከቻ እንድጽፍላት ይዛኝ ቢሮ ሄድን። ኢስማኤል ከተዋሰው ወንበር ተነስቶ አስቀመጣት። ትሑት ልጅ ነው፤ እውነት ለመናገር እሱም እንደኛው የደከመው ነበር።

«ኢስማኤል፣ ልጄ፣ ከዚህ እኔ ጋ እኮ በእግር ነው የምትመጣው» አለችው። «ለምንድን ነው እዚያ ሩቅ ጉባ ያለ ክሊኒክ የሚከፍለውን ያህል ነዳጅ የምከፍለው?»

«ሲስተር፣ እንደርቀቱ ብናስከፍል ጉባ ያለው ብዙ ሊከፍል ነው፤ አሶሳ ያለው ምንም። ነገ ምን ይባላል? አንዱን ብሔረሰብ ጠቅማችሁ ሌላውን ጎዳችሁ እንባላለን። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ስለዚህ ሩቁንና ቅርቡን ደምረን ለሁሉም እኩል አደረግነው።»

«በእግር ኑና ምንም አታስከፍሉኛ።»

«መመሪያው ቁጥጥር በተሽከርካሪ ይካሄዳል ነው የሚለው።»

አንጓውን ያዘችው። «ልብህ ይሮጣል» አለችው። «አንተም አላመንክበትም።» ኢስማኤል እጁን ወዲያው አልነጠቃትም። ማመልከቻዬ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ተመለስን፤ እሷም ጥጃዋን ሸጣ ከፈለች።

ቁጥጥሩ በሰኔ መጀመሪያ ሆነ። የቢሮው ፒካፕ ከግቢያቸው ወጥቶ ማርሽ ሳይቀይር በራችን ላይ ቆመ። ኢስማኤል ወርዶ ቧንቧውን ከፈተ፣ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን አነሳ፣ አንሶላውን ገልጦ አየ። ሁሉም ደህና ነበር። ፈርሞ ሲጨርስ ሲስተር ጋውኗን አወለቀች፣ ቦቲዋን አጠለቀች፣ ቦርሳዋን አንስታ ሄዳ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች።

«ወዴት ነው ሲስተር?» አላት ኢስማኤል።

«የከፈልኩት ነዳጅ ገና አላለቀም። የእኔን ናፍጣ ይዛችሁ ሄዳችሁ ቢሮ ልታሳድሩት ነው? ከሆሞሻ ከተማ በላይ ያለው መንደር ድረስ ይበቃል። ንዳ።»

ሹፌሩ በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ። ኢስማኤል ግን አልሳቀም፤ ቆሞ አሰበ። መመሪያውን በሙሉ በአእምሮው ገልጦ የሚከለክል አንቀጽ እንዳጣ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ያ መንደር ደግሞ የእናቱ አገር ነው። «ክትትል ብለን እንያዘው» አለና ገባ። እኔም ያን ዕለት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ከኋላ ተጫንኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የመንደሩ ሴቶች ቀድመው ያውቋታል፤ አሶሳ ገበያ ሲወጡ እሷ ጋ ነው የሚታከሙት። እርጉዞቹን በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ሰበሰበች። ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ አንጓቸውን ያዘች። ኢስማኤል ከበርታኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ በርታኛ ሲመላለስ ላብ በላብ ሆነ፤ አንዳንዱ ጥያቄ ወንድ የሚተረጉመው አልነበረምና። ከሴቶቹ መሃል ፋጡማ የምትባል ልጅ እግር ነበረች። ሲስተር ሆዷ ላይ ሁለት እጇን አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ልጁ አግድም ነው የተኛው» አለች። «ንገርልኝ ኢስማኤል፤ ዝናቡ ወንዙን ከሞላው በኋላ ምጥ ከመጣባት ማንም አይደርስላትም። ዛሬ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

ባሏ ማሽላውን ማን ያርማል ብሎ ተቃወመ። ለመንደሩ በሙሉ የምታዋልደው አሮጊቷ ሐዋ ግን በዱላዋ መሬቱን መታችው። ወደ ሲስተር ዞራም በተሰባበረ አማርኛ፣ «ሲስተር፣ አንተ ይሄን ልጅ ውሰድ። እኔ እጅ ብቻ አለው። ሆስፒታል ቢላ አለው» አለች። ባልየውም የሚስቱን ልብስ ሊያመጣ ሄደ።

ፋጡማና እርግዝናቸው የሚያሰጋ ሌሎች ሴቶች እኔ ከተጫንኩበት ተጫኑ። ያን የቀርከሃ ቤት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ምጣቸው እስኪደርስ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ሲደርስ ሲስተር ደግፋ ሆስፒታል ታደርሳቸዋለች። ከዚያ በፊት በገበያ መኪና የቻለች ብቻ ነበር የምትመጣው። ፋጡማ በሐምሌ ሆስፒታል ተወስዳ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ የልጅቱንም ስም አያንቱ አለቻት። በበርታ መንደር የወለጋ ስም! ባልየው ይህንንም ሊቃወም ነበር አሉ፤ ሐዋ ዱላዋን አሳየችው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በየዓመቱ ሲስተር እያማረረች ነዳጁን ትከፍላለች፤ ኢስማኤል እያፈረ ይቀበላል፤ ቁጥጥሩ በቶሎ ያልቅና ፒካፑ ወደ መንደሩ ይወጣል። መንደሩም ቀኑን «የነዳጅ ቀን» ይለው ጀመር። እኔ ደግሞ በክረምት ከእርጉዞች ጋር ጎረቤት ሆንኩ። ፈተና ላርም ስቀመጥ ይዘፍናሉ። ሸሚዜን ሳጥብ ተሰብስበው ያዩኛል፤ ወንድ ልብስ ሲያጥብ ለማየት የመጡ ይመስል። አንድ ቀን እንዲያውም አንዷ መጥታ ሸሚዙን ከእጄ ቀምታ አሳየችኝ። ለካ ሳላውቀው ኖሬያለሁ፣ ኮሌታ እንዴት እንደሚታሽ።

አንድ ዓመት ከላይ ገምጋሚዎች መጡ። የነዳጁ ክፍያ ትክክል አይደለም፣ እንደርቀቱ ይሁን አሉ። አሶሳ ከተማ ላሉት ክሊኒኮች ጭራሹን ቀረ። እኔ ደስ ብሎኝ ለስላሳ ገዝቼ መጣሁ። እሷ ግን ጠርሙሱን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እሺ፤ ቀጥሎስ?» አላለችም። የቀጠለውን አውቃዋለችና። የነዳጁ ገቢ ሲቀር የጎደለውን ለመሙላት የፈቃድ እድሳቱን ከፍ አድርገውት ነበር።

ቢሮ ሄዳ ኢስማኤልን ለመነችው። «እንደ ድሮው አስከፍለኝ፣ ማሎ» አለችው። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ድሮ ስከፍል መኪና ነበረው። አሁን ከዚያ በላይ ከፍዬ ምንም የለውም።»

«ሲስተር፣ እኔ ለዚህ የምቆርጠው ደረሰኝ የለኝም» አላት። «ሕጋዊ አይደለም።»

ለዓመታት የተጨቃጨቀችበትን ክፍያ እንዲያስከፍላት ስትለምን ቆሜ አየሁ። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። የመጣው ማስተካከያ ትክክል ነበር። ስህተቱ ነበር የጠቀመን።

ሴቶቹ ግን አልቀሩም። ሐዋ እርጉዞቹን ራሷ እየለየች፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ የቻለችውን በገበያ አይሱዙ፣ ያልቻለችውን በእግር ትልካቸው ጀመር። ሲስተርም ትቀበላለች። ክፍያውን ለመሸፈን መጀመሪያ ላሟን፣ ቀጥሎ የመኝታ ክፍሏን ቁም ሣጥን ሸጠች። አንድ ቀን ስገባ ልብሷ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። «አየር ያገኛል» አለችኝ። ትርታዋን መስማት የምችል ቢሆን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

በመጨረሻ የመጣው የደረጃ መመሪያ ነው። በሽተኛ የሚያሳድር ክሊኒክ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ክፍያውም ከድሮው ጋር የማይገናኝ ነው፤ በዚያ ላይ ተረኛ ሐኪም መቅጠር አለበት። ኢስማኤል የመጣው በዝናብ፣ በእግሩ ነው። ነዳጅ የለማ! ጫማው ጭቃ ለብሶ የቀርከሃው ቤት በር ላይ ቆመ። ውስጥ ያሉት ሴቶች በበርታኛ ሰላም አሉት፤ አንገቱን ደፍቶ መለሰ።

«ሲስተር፣ እነዚህ እነማን ናቸው ብዬ ልጽፍ?»

«እንግዶቼ ናቸው።»

«ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ካደሩ መመሪያው አስተኝቶ ማከም ነው የሚለው። ወይ ወደ አገራቸው ይመለሱ፣ ወይ እርስዎ ደረጃውን አሟልተው ይክፈሉ። አለዚያ አሽግ እባላለሁ። ሳምንት ልስጥዎት። ሌላ የምችለው ነገር የለኝም።»

ወንዙ ሞልቶ ነበር። መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ኢስማኤል ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ቦቲዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። «ደክሞኛል መምህሬ» አለች። «በሽተኛው አይደለም ያደከመኝ። ሌሊት መነሳቱም አይደለም። በየዓመቱ እንድሠራ ፍቀዱልኝ እያልኩ መክፈሉ ነው።» ቀጥላም፣ «እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ ክሊኒክ የሌላት ሴት ቤቷ እንግዳ ብታሳድር ትከፍላለች?» አለችኝ።

«እስካሁን አልሰማሁም» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቋን ሳቀች። ነገሩ ገብቶኝ ነበርና እኔ አልሳቅሁም።

በማግሥቱ ፈቃዷን ከነፍሬሙ ከግድግዳው አውርዳ ቢሮ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ኢስማኤል አልቀበልም አለ። «ትንሽ ይታገሡ ሲስተር፣ አለቆቼን ላናግር» እያለ ፍሬሙን ወደ እሷ ይገፋዋል። እሷም አንጓውን ያዘችው። «አትሩጥ ልጄ» አለችው። «አንተን አይደለም የምመልሰው።» ታፔላዋንም ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ነቀለችው፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ።

ይህን እንደ ድል እንዳትወስዱት። ጠዋት ጠዋት በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጥቶ የተዘጋውን በር ሲደበድብ እሰማ ነበር። «ወደ ሆስፒታል ሂድ» ትለዋለች፤ እሱም «ሰልፉን አልችልም» ይላታል። እሷ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ክሊኒክ በደመወዝ ተቀጠረች። ሰኞ በሚኒባስ ሄዳ ዓርብ አቧራ ጠጥታ ወይ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች። በደመወዟ ለእንግዶቿ ማሽላና ዘይት ትገዛለች። በጥቂት ዓመት ውስጥ አረጀች። «አታስረጀኝ» ያለችኝ ሴት ትከሻዋ ወደ ፊት ወደቀ። ግድግዳው ላይ የፍሬሙ ምስማር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ነቅዬ ልጣለው ስላት አልፈቀደችም።

እሷ በሌለችባቸው ቀናት ምጥ ሲመጣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሆስፒታል ይሄዳሉ። አንዳንዴ እኔም ዣንጥላ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አንዴ የሆስፒታሉ ነርስ፣ «አባትየው እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጎረቤት ነኝ» አልኳት። «የጂኦግራፊ መምህር።» ይህን ለሲስተር ስነግራት የሳቀችውን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

ከዚያ ዝውውር አገኘሁና ወደ አገሬ ተመለስኩ። በበዓል በበዓል እደውልላታለሁ። ስልክ ላይ አንጓ መያዝ ስለማይቻል፣ «ድምፅህን አላምነውም፤ ናና ልይህ» ትለኛለች። ዘንድሮ እመጣለሁ፣ ለከርሞ እመጣለሁ እያልኩ ቆየሁ።

አሁን ኢስማኤል ስለ ቀብሩ የነገረኝን ልናገር። የጸሎት ቤቷ ሰዎች ከመቃብሩ ዳር ቆመው እየዘመሩ ሳለ፣ ከሆሞሻ በኩል አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ከኋላው ሙሉ ሴቶች ናቸው፤ የክት ቶብ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ ልጅ ያዘሉ፣ ያረገዙም አሉበት። ሐዋ ቀድማ ሞታለች። ከፊት የወረደችው ፋጡማ ናት፤ ከኋላዋም ያቺ ሆድ ውስጥ አግድም ተኝታ የነበረችው አያንቱ፣ አሁን ትልቅ ሴት፣ የራሷን ልጅ ይዛ።

ኢስማኤል የመኪናውን ኪራይ ማን ሊሸፍን ነው ብሎ ተጨነቀ። እስከ ዛሬ ያላወራረደው ነገር ያለ ይመስል፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ሹፌሩ ሮጠ። ፋጡማ መንገድ ላይ ደረሰችበት። አንጓውን ያዘችው፤ ሁለት ጣቷን የደም ሥሩ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ ሲስተር።

«ተው ኢስማኤል» አለችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ነዳጅ እኛ ከፍሏል። መምጫም፣ መመለሻም።»